ቤት ሊያዩ መጥተው

ሰሚት ያለውን ኮንዶሚኒየማችንን ልንሸጥ ነው። ቅዳሜ ደላላው አምስት ሰው ይዞ መጣ። አንዷ "ውሃ ስጪኝ" አለችኝ፤ ወደ ኩሽና ገባሁ። ሁለቱ መኝታ ቤት ገብተው "ቁም ሳጥኑም አብሮ ይሸጣል?" እያሉ ይከፍታሉ።

ማታ ሳይ የእናቴ የአንገት ሀብል የለም! ቀዩ የከፋይ ማስቀመጫው ባዶውን ቁጭ ብሏል። በዓይኔ ስላላየሁ እገሌ ወሰደ አልልም። ግን የዚያን ቀን ጠዋት በእጄ ነክቼዋለሁ።

ደላላው ስልኩን አጥፍቷል። ሁለት በመቶ የድለላ ክፍያውን አስቀድሞ የሚያሰላ ሰው፣ የሚያመጣቸውን ሰዎች ስም እንኳ አይጠይቅም? መታወቂያ ማየት ምን ይከብዳል? ፖሊስ ጣቢያ "ማንን ትጠረጥሪያለሽ?" ሲሉኝ ምን ልበል?

ወርቅስ ይገዛል። ያ ግን እናቴ ለሰርጓ ያደረገችው ነው። አንጀቴ አረረ።