አየሩ የተመጠጠ ዶሮ

እህቴ ከሜሪላንድ ልትመጣ ሳምንት ሲቀራት ቤተሰቡ ሻንጣዋ ውስጥ ምን እንዳለ መገመት ጀመረ። እኔ ስልክ ነው አልኩ። ባለቤቴ ሽቶ አለች። እናቴ "እሷ ከሆዷ ሌላ የምታስበው የላትም፣ የወጥ ቤት ነገር ነው" አለች፤ የረታችውም እሷ ናት። ሻንጣው ሲከፈት ከጫማዎቹ መሃል የፕሪንተር ታናሽ ወንድም የሚመስል ነጭ ዕቃ ወጣ። የምግብ ማሸጊያ ነው ተባለ። ምግቡን ላስቲክ ውስጥ ትከትና የላስቲኩን አፍ ለማሽኑ ታጎርሰዋለህ፣ እሱ እያጉረመረመ አየሩን ይመጥጣል፣ ሲጨርስ ውስጡ ያለችው የጋለች ሽቦ ላስቲኩን ታጣብቀዋለች። አለቀ። እህቴ እንደምትለው እዚያ ሥጋ በብዛት ትገዛለች፣ ከፋፍላ አሽጋ ፍሪዘር ውስጥ ትከተዋለች፣ ዓመት ሊሞላው ሲል እንኳ አውጥታ ትበላዋለች።

"ዓመት?" አለች እናቴ። "ሰው አይመጣባችሁም እንዴ?"

እህቴ መልስ አልነበራትም። እኔም ያኔ ነገሩ ሊገባኝ ይገባ ነበር፣ ግን አዲስ ዕቃ ሳይ ልቤ የሚጠፋ ሰው ነኝ።

መጀመሪያ ያስቸገረን መብራት ነው። ጠፍቶ አይደለም፣ በዝቶ። ማሽኑ የተሠራው ለአሜሪካ 120 ቮልት ነው፣ የኛ ሶኬት ደግሞ 220 ነው። እህቴ "የስልኬ ቻርጀር ምንም አላለም እኮ" ብላ ልትሰካው ስትል እጇን ለቀም ያደረግኳት እኔ ነኝ። መርካቶ ሄጄ 220ውን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ገዛሁ። ከማሽኑ እሱ ይከብዳል። ወጥ ቤታችን የመብራት ማከፋፈያ ጣቢያ መሰለ። እናቴ በአጠገቡ ስታልፍ ነጠላዋን ሰብስባ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ያላሸግነው የለም። ሽሮ፣ ቡና፣ ምስር ክክ፣ የልጆቹ ብስኩት። በርበሬ ስናሽግ ዱቄቱ ከአየሩ ጋር ተመጥጦ ማሽኑ ውስጥ ገባ፤ ማሽኑ አስነጠሰ ብል ማጋነን ይሆንብኛል፣ እኛ ግን እስከ ምሳ አስነጥሰናል። ለካ ዱቄት ሲሆን ከላዩ ሶፍት ጣል ይደረጋል። ፌስታልም አይሆንም፤ ለስላሳ ስለሆነ ሲጣበቅ አየሩ መውጫ ያጣል፣ አንድ ጎኑ ሸካራ የሆነ የራሱ ላስቲክ አለው። ይሄን ሁሉ ያወቅነው አበላሽተን ነው።

እንጀራውን ግን ሳልነግራችሁ አላልፍም። እንጀራ በሦስት በአራት ቀኑ ይሻግታል፣ ታዲያ ይሄ ማሽን ለእንጀራ ካልሆነ ለምን ሊሆን ነው? ብዬ ተነሳሁ። አሥር እንጀራ አጣጥፌ ከተትኩና ቁልፉን ተጫንኩ። ማሽኑ መመጠጥ ጀመረ። ቁልሉ ዝቅ አለ። ደግሞ ዝቅ አለ። እንጀራ ማለት ዓይኑ ነው፣ ዓይኑ ውስጥ ያለው ደግሞ አየር ነው፣ እኔ የገዛሁት ትራንስፎርመር ያንን አየር እያስለቀመ መሆኑን የተረዳሁት አሥሩ እንጀራ አንድ ወፍራም የጫማ ሶል ሲሆን ነው። እናቴ አንስታ ገለበጠችው፣ ወደ መስኮቱ ይዛው ሄደች፣ በብርሃን አየችው።

"ዓይኑን አጠፋችሁት እኮ!" አለች።

በ1650ዎቹ ኦቶ ፎን ጌሪከ የሚባል የጀርመን ሰው፣ የማግደቡርግ ከንቲባ ነው፣ ሁለት የመዳብ ግማሽ ሉሎች ገጥሞ በውስጣቸው ያለውን አየር ራሱ በሠራው ፓምፕ አወጣና ከዚህም ከዚያም ስምንት ስምንት ፈረስ አስጎተታቸው። አልተላቀቁም፤ የውጭው አየር ጨምድዶ ይዟቸዋል። እኔና ባለቤቴ ያንን እንጀራ ከዚህና ከዚያ ይዘን ስንጎትት ፈረሶቹ ታወሱኝ። ደግነቱ አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ጅቡቲ ብንሆን ኖሮ እንጀራው ወረቀት ይሆን ነበር።

ወሬው በኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ ታች ሲል ሁለት ቀን አልፈጀበትም። ከታች ያሉት እናት ቨርጂኒያ ላለው ልጃቸው ቋንጣ ይዘው መጡ፤ ከታሸገ አይሸትም፣ ካልሸተተ አይያዝም ነው ሐሳባቸው። እህቴ ዋሽንግተን አየር ማረፊያ ቢግል የሚባሉ ጆሯቸው የተንዘረፈፈ ውሾች እንዳሉ፣ ሥራቸውም ሻንጣ ማሽተት እንደሆነ፣ ሥጋ ደግሞ ታሸገም አልታሸገ እንደማይገባ አስረዳቻቸው። "ውሻ ቀጥረው ነው?" አሉና ቋንጣቸውን ይዘው ተመለሱ። ሦስተኛ ፎቅ ያለው ጎረቤታችን የቤቱን ካርታ አመጣ። አዎ፣ የይዞታ ማረጋገጫውን። እርጥበት እንዳይነካው። አሸግንለት። በሳምንቱ ዋናውን ይዘህ ና ተባለና በመቀስ ቀዶ አውጥቶ ሄደ፣ ማታ እንደገና ሊያሳሽግ በሩ ላይ ቆመ። እኔ በዚያ ሰሞን ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሰፈር ውስጥ ወፍጮ ቤት ያለው ሰው እንዴት እንደሚከበር ገባኝ።

አንዱ ወጣት ደግሞ "ጋሼ፣ እንግዲህ ፍሪጅ አያስፈልግም ማለት ነዋ!" አለኝ። እዚህ ላይ ቀልዱን ተወት ላድርገው፣ እንዲህ የሚያስብ ብዙ ሰው ስላለ። አየር ሲወጣ ሻጋታ ይቸገራል፣ ስብም ቶሎ አይጎመዝዝም፣ ፍሪዘር ውስጥ ያለ ሥጋም አይደርቅም። ግን ቦቱሊዝም የሚባለውን የምግብ መመረዝ የምታመጣዋ ባክቴሪያ ጭራሽ አየር አትወድም፤ የበሰለ ምግብ አሽገህ ጠረጴዛ ላይ ከተውክላት ሠርግ ነው የደገስክላት። ስለዚህ ታሸገ ማለት ፍሪጅ አይግባ ማለት አይደለም። ይሄን ሳስረዳው እናቴ ከጀርባዬ ሆና ትሰማለች።

"ክፉው በር ሲዘጋበት ነው የሚፋፋው ማለት ነው?"

"እንደሱ ነው።"

"ይሄማ የታወቀ ነው" ብላ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

ጉዱ የመጣው በቅበላ ነው። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ የዶሮ ዋጋ ደግሞ ለፋሲካ ሳምንት ሲቀረው ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ፣ አፌን አታስከፍቱኝ። እኔና ባለቤቴ ቁጭ ብለን አሰብን። ለቅበላ ሁለት ዶሮ እንሥራ፣ አንዱን እንብላ፣ አንዱን አሽገን ፍሪዘር እንክተት፣ የፋሲካ ሌሊት ማሞቅ ብቻ። ሳይንሱ ይፈቅዳል። ማሽኑ አለ። እናቴ ብቻ ናት የቀረችው።

"ፋሲካ ፋሲካ የሚሸተው ቅዳሜ ሽንኩርቱ ሲቁላላ ነው" አለች። "ያንን ከየት ልታወጡት ነው?"

በድምፅ ብልጫ አለፈ። እሷ ያስፈጸመችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንቁላሉ አብሮ አይገባም አለች። ልክ ነበረች፣ የተቀቀለ እንቁላል ፍሪዘር ከገባ ጎማ ይሆናል። እንቁላሉ በዕለቱ ይቀቀላል ተባለ።

ወጡን ለብ እያለ ላስቲክ ውስጥ ጨምረን ማሽኑ ሲነሳ፣ ቀዩ ቅባት በላስቲኩ ውስጥ ቀስ እያለ ወጣ፣ ወጣ፣ ከዚያ ማሽኑ ጠጣው። ከንፈሩ ቅባት በቅባት ሆነ። ሁለት ቀን የተንጠባጠበበትን ስጠርግ አመሸሁ፣ አሁንም ድረስ ሲሞቅ ኮረሪማ ይሸታል። ለካ ፈሳሽ ያለበት ነገር መጀመሪያ በሳህን ሆኖ ፍሪዘር ይገባና እንደ ጡብ ሲደርቅ ነው የሚታሸገው። እንደዚያ አደረግነው። አሥራ ሁለቱ ብልት በድልሁ ውስጥ ተቀብሮ አንድ ቀይ ጡብ ሆነ። ባለቤቴ "ስሙን እንጻፍበት?" አለችኝ። "ዶሮ መሆኑ ሊጠፋን ነው?" አልኳት።

ጎን ያሉት እማማ በዚያው ሰሞን ፍሪጃቸው ተበላሽቶ ነበር። ለጾሙ የሠሩትን ምስር ወጥ አምጥተው አምስት ቦታ አሳሸጉና እኛው ፍሪዘር ውስጥ አስቀመጡ፤ ሲፈልጉ መጥተው አንድ አንድ ይወስዳሉ። እሳቸውም አልጻፉበትም። ምስር ምስር ነው።

በጾሙ አጋማሽ አጎታችን ከደብረ ብርሃን ሳይደውል መጣ። ሰው የሚደውለው ለሥራ ነው፣ ዘመድ ጋ ይመጣል እንጂ። እህቴ ተመልሳ ሄዳለች፣ ፍሪዘሩ ግን እሷ ባስለመደችን መሠረት ጢም ብሏል፤ ስልስ፣ ጎመን፣ ድፍን ምስር፣ አተር ክክ፣ ሁሉም ታሽጎ፣ ሁሉም ድንጋይ። ቤቱ ሙሉ ምግብ ነው፣ የሚቀርብ ግን የለም። አንዱን ጡብ አውጥቼ የፈላ ውኃ ውስጥ ነከርኩት። አጎቴ ሳሎን ሆኖ ድምፁን ይሰማል፣ ጡቡ ከድስቱ ጋር ሲጋጭ፣ ቋ፣ ቋ። "ምን እያፈረስክ ነው?" አለኝ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ እናቴ ትኩስ ሽሮ እየተንተከተከ አቀረበችና ሲበላ አጠገቡ ተቀመጠች። እኔን አላየችኝም። አለማየቷ ነው የከበደኝ።

ከዚያ መብራት ጠፋ። የሞላ ፍሪዘር በሩ ካልተከፈተ ሁለት ቀን ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፣ ይሄን አንብቤ ለቤተሰቡ አስታወቅሁ። ችግሩ በሩ እንዳይከፈት በሃይማኖት የሚጠብቅ ቤተሰብ የለኝም፤ ልጆቹ "ቀለጠ ወይ?" እያሉ ለማየት ይከፍቱታል፣ ሲከፍቱት ይቀልጣል። አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ወንበር አስጠግቼ የዶሮ ዘበኛ ሆንኩ። መብራቱ መጣ። ዶሮው አልቀለጠም። እንደ ድል ነው የቆጠርኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ጡቡን ቀስ ብሎ እንዲለቅ ወደ ታችኛው ፍሪጅ አወረድኩት። ሰፈሩ ከሰዓት በኋላ ሽንኩርት በሽንኩርት ሆነ፣ ከየቤቱ ቁሌቱ በመስኮት ይገባል፣ የኛ ወጥ ቤት ብቻ ጭጭ ብሏል። እናቴ መስኮቱ ጋ ቆማ የሰው ሽታ ስትስብ አየኋት።

ሌሊት 9 ሰዓት ከቤተ ክርስቲያን ተመለስን። ልጆቹ ዓይናቸውን እያሹ ተነሱ። እንቁላሉ ስድስት ተቀቅሎ፣ ተልጦ፣ ተተልትሎ ተቀምጧል። እንጀራው ተዘርግቷል፣ ዓይኑ በቦታው ነው፣ ማንም አልነካውም። ባለቤቴ ላስቲኩን ቀደደች፣ ድስት ውስጥ ገለበጠችው፣ እናቴ ማማሰያውን ያዘች። አማሰለች። ቆመች። ድስቱን ወደ ግራ አዞረችና እንደገና አማሰለች፣ ጉድጓድ ውስጥ የወደቀ ቁልፍ እንደሚፈልግ ሰው ቀስ ብላ፣ ከታች ጀምራ። አጥንት የለም። በማማሰያው ጫፍ ትንሽ አነሳችና ወደ መብራቱ ያዘችው።

ምስር ነው።

ማንም አልተነፈሰም። ማሽኑ እንኳ ይህን ያህል አየር መጥጦ አያውቅም። እኔ ፍሪዘሩን ከላይ እስከ ታች በረበርኩት፤ ዶሮ የሚመስል ነገር የለም። ትንሹ ልጄ "ዶሮውስ?" አለ። እናቴ ሳትዞር "ዶሮው ገና ጾም ላይ ነው" አለችው። ከዚያ የነጠረውን ቅቤ አስወረደች፣ ሁለት ጭልፋ ሙሉ ምስሩ ላይ ለቀቀችበት፣ ስድስቱን እንቁላል አንድ በአንድ ከተተች፣ ክዳኑን ገጥማ ትንሽ አቆየችው፣ ከፍታ አሸተተችው።

"በቃ ፈስኳል፣ ብሉ" አለች።

በላን። እውነቱን ልናገር፣ ይጣፍጣል።

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ጎን ያሉት እማማ ናቸው፣ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ የተከደነ ድስት በሁለት እጃቸው ይዘው። እንኳን አብሮ አደረሰን ተባባልን። አልገቡም፣ ደፉ ላይ ቆመው ድስቱን ያያሉ፣ እኔን ያያሉ።

"ልጄ" አሉ በመጨረሻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ዓርብ ጠዋት ከናንተ አንዱን ወስጄ አልነበር? ማታ ከስግደት ስመለስ፣ ወገቤ ተቆርጦ፣ ያቺን ምስር አፌ ላይ ጣል ላድርግ ብዬ ባሞቃት..." ዞር ዞር ብለው ደረጃውን አዩ፣ "እግር አላት።"

እናቴ ከውስጥ ሰማች። ወንበር ስትስብ ተሰማኝ።

"ግቢ እንጂ፣ ምን በር ላይ ያቆምሻል" አለች። "ያንቺም ምስር እኛ ጋ እንቁላል ጥሎልሻል።"