የሸሪፉን መስመር ባዶ ትተን አንውጣ

እ.ኤ.አ. በ2027 ቨርጂኒያ ውስጥ የፌርፋክስ፣ የአርሊንግተንና የላውደን ካውንቲ ነዋሪዎች ሸሪፍ ይመርጣሉ። «ሸሪፍ ያው ፖሊስ ነው» ብሎ በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ ያንን መስመር ሳይሞላ የሚወጣ መራጭ በመካከላችን ጥቂት አይደለም። ይህ ስሕተት ዋጋ ያስከፍለናል።

በፌርፋክስና በአርሊንግተን መንገድ ላይ የሚያስቆመን የካውንቲው ፖሊስ ነው፤ አዛዡም ይሾማል እንጂ አይመረጥም። ሸሪፉ ግን በሕዝብ ድምፅ ለ4 ዓመት ይመረጣል። እስር ቤቱን ያስተዳድራል፣ ችሎቱን ያስጠብቃል፣ የፍርድ ቤት ወረቀቶችን ያደርሳል፣ ያስፈጽማል። ላውደን የካውንቲ ፖሊስ ስለሌለው እዚያ 911 ሲደወል የሚመጡትም በአብዛኛው የሸሪፉ ዴፑቲዎች፣ ማለትም በሸሪፉ ሥር የሚሠሩ የሕግ አስከባሪ መኮንኖች ናቸው።

ከሁሉም ይበልጥ ወደ ቤታችን የሚቀርበው የወረቀቱ ሥራ ነው። ዳኛው ለአከራይ ፈርዶ የማስለቀቂያ ትእዛዝ ሲወጣ፣ ሸሪፉ ከማስፈጸሙ በፊት ቢያንስ የ72 ሰዓት ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። በኪራይ ዕዳ የተፈረደበት ተከራይ ኪራዩን፣ የመዘግየት ቅጣቱንና የፍርድ ቤት ወጪውን ሁሉ አጠናቆ ከከፈለ ማስለቀቁን ማስቀረት ይችላል፤ ምንም እንኳ ጥቂት ቤት ብቻ ያላቸው አከራዮች ይህን መብት ሊገድቡት ቢችሉም። ክፍያው ግን ለማስለቀቅ ከተያዘው ሰዓት 48 ሰዓት ቀድሞ መግባት አለበት። ከ72 ላይ 48 ሲቀነስ ገንዘብ ለማፈላለግ የሚቀረው 24 ሰዓት ብቻ ሊሆን ይችላል። ሁለት ፈረቃ ሠርቶ የሚገባ ሰው በሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በማግስቱ ቢያነብ ጊዜው አልፏል። በቀኑ በር ላይ የሚቆመው ዴፑቲ ደግሞ ማን እውነት እንዳለው አይመረምርም፤ ትእዛዝ ያስፈጽማል።

ችግሩ የሚጀምረው ከመጥሪያው ነው። ባለጉዳዩ በአካል ካልተገኘ መጥሪያው 16 ዓመት ለሞላው የቤተሰብ አባል ምንነቱ ተነግሮት ሊሰጥ፣ እሱም ከሌለ በር ላይ ሊለጠፍ ይችላል። ልጁ ጠረጴዛ ላይ ጥሎት ይረሳል፤ አባት በቀጠሮው ሳይቀርብ ይፈረድበታል። አንዲት ገጽ የአማርኛ ማብራሪያ ብትያያዝ ስንቱን ቤተሰብ ታድን ነበር!

በቤት ውስጥ ጥቃት ጉዳይም እንዲሁ። ጊዜያዊው የጥበቃ ትእዛዝ የሚጸናው ለተከሳሹ በእጁ ሲደርሰው ነው። ፈራሚው ዳኛ ቢሆንም፣ ዴፑቲው ሰውየውን እስኪያገኘው ድረስ ሴትየዋ በወረቀት ብቻ ተጠብቃለች።

እስር ቤቱን በተመለከተ አንድ ነገር ልብ ይባል። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት «ይህን ሰው መፈታት ካለበት ሰዓት በኋላ እስከ 48 ሰዓት አቆዩልን» ብሎ የሚልከው ወረቀት የዳኛ ፊርማ የሌለበት ጥያቄ ነው። የፌርፋክስ ሸሪፍ እ.ኤ.አ. በ2018 ከመሥሪያ ቤቱ ጋር የነበረውን የእስረኛ ማቆያ ስምምነት ስታቋርጥ፣ ውሳኔው የመጣው ከተመረጠችው ሸሪፍ ነበር። ለዚህ ወንበር ግድ የለኝም ማለት የሚከብደኝ በዚህ ምክንያት ነው።

ብቃትን በተመለከተ ደግሞ የሚያሳስብ ነገር አለ። በቨርጂኒያ ዴፑቲ ለመሆን የአሜሪካ ዜግነት፣ ቢያንስ 18 ዓመት፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ወይም አቻው፣ መንጃ ፈቃድ፣ የጣት አሻራ ምርመራ፣ የጤና ምርመራና ከከባድ ወንጀል የጸዳ ታሪክ ያስፈልጋል። አለቃውስ? የጎረቤት ሜሪላንድ ሕገ መንግሥት ከሸሪፍ ዕጩ የሚፈልገው ከ25 ዓመት በላይ መሆንን፣ በካውንቲው መኖርንና የ5 ዓመት የግዛቲቱ ዜግነትን ነው፤ የሕግ ማስከበር ልምድ አይጠይቅም። ካሊፎርኒያ ግን ይህን ክፍተት ዘግታለች፤ ከፍ ያለ ደረጃ የፖሊስ ሙያ ምስክር ወረቀት ያልያዘ ዕጩ፣ ሁለተኛ ደረጃ ብቻ ከጨረሰ 4፣ ዲግሪ ካለው 2፣ ማስተርስ ካለው 1 ዓመት የሙሉ ጊዜ የሕግ ማስከበር ልምድ ማሳየት አለበት። ትክክለኛው መንገድ ይህ ይመስለኛል።

ሕጉ እንዲህ በማይጠይቅበት ቦታ ጠያቂው መራጩ ነው። ሜሪላንድ ያሉ ወገኖቻችን በ2026፣ እኛ ደግሞ በ2027፣ ዕጩዎች ለቅስቀሳ ወደ ቤተ ክርስቲያናችን፣ ወደ መስጊዳችንና ወደ ማኅበራችን ሲመጡ እንጠይቃቸው፦ ስንት ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ቆዩ? ማስጠንቀቂያው በአማርኛ ይወጣል? እስር ቤት የገባ ሰው ሐኪሙን የሚያነጋግረው በማን አስተርጓሚነት ነው?