ነገ ሜሰን ቢያሸንፍ ተአምር አትበሉት

ዋሽንግተን፣ ቅዳሜ መጋቢት 16 ቀን 1998 ዓ.ም.

የምሠራበት የመኪና ማቆሚያ ከስፖርት አዳራሹ ከቬራይዞን ሴንተር ብዙም አይርቅም። ጨዋታ ባለ ቀን ገና ሳይመሽ ነው ጢም የሚለው። ትናንት አረንጓዴ ሹራብ የለበሱ ሸምገል ያሉ ሰው ቁልፋቸውን እየሰጡኝ «ምናልባት ቀደም ብዬ ልወጣ እችላለሁ፤ ከፊት አቁምልኝ» አሉኝ። ቡድናቸው ሲሸነፍ ቁጭ ብለው ላለማየት መሆኑ ነው። ከፊት አቆምኩላቸው። ያ መኪና ግን ከሁሉም በኋላ ነው የወጣው። ሰውየው ሲመለሱ ድምፃቸው ጠፍቶ በእጅ ምልክት ነበር የሚያናግሩኝ።

የሳቸው ቡድን የጆርጅ ሜሰን ቅርጫት ኳስ ቡድን ነው። ቨርጂኒያ ፌርፋክስ ያለው፣ ስንቱ የኛ ሰው ልጁን የሚያስተምርበት ዩኒቨርሲቲ። ትናንት ዊቺታ ስቴትን 63 ለ 55 አሸነፈ። ነገ እሑድ እዚያው አዳራሽ ኮኔቲከትን ይገጥማል፤ ያሸነፈ ኢንዲያናፖሊስ ሄዶ ከመጨረሻዎቹ አራት አንዱ ይሆናል። ይህን የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ውድድር ለማትከታተሉ፦ 65 ቡድኖች በአራት ምድብ ተከፍለው፣ በየምድቡ ከ1 እስከ 16 ደረጃ ተሰጥቷቸው ይጀምራሉ፤ አንዴ የተሸነፈ ወደ ቤቱ ነው። ኮኔቲከት 1ኛ ተብሎ ነው የገባው፣ ሜሰን 11ኛ። 11ኛ ሆኖ ገብቶ እስከ አራቱ የዘለቀ እስካሁን አንድ ብቻ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1986 የሉዊዚያናው ኤልኤስዩ።

ሳምንቱን ሙሉ የሰማሁት ወሬ ግን አሰልችቶኛል። ቴሌቪዥኑም ጋዜጣውም ሜሰንን የሚያነሳው እንደ ተረት ነው። «ሚድ-ሜጀር» ይሉታል፤ ከባለጸጎቹ ሊጎች ውጪ ያለ፣ ትንሽም ትልቅም ያልሆነ ለማለት። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1977 የፈጠረው እዚሁ ዋሽንግተን የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ የነበረው ጃክ ክቫንዝ ነው ይባላል፤ እሱ ደግሞ በኋላ የራሱ የሜሰን የስፖርት ኃላፊ ሆኖ ሠርቷል። ቃሉ ከሰፈራችን ወጥቶ ዞሮ የሰፈራችንን ቡድን መናቂያ ሆነ ማለት ነው።

ንቀቱ የጀመረው ገና ድልድሉ በወጣበት እሑድ ነበር። ሜሰን የሊጉን ዋንጫ አላነሳም፤ በግማሽ ፍጻሜው በሆፍስትራ ተሸንፎ ነው የቀረው። ዋንጫ ካላነሱት መሀል የሚመርጠው ኮሚቴ ግን ሜሰንን ጠርቶ ሆፍስትራን ተወው። የሲቢኤስ ቴሌቪዥኑ ተንታኝ ቢሊ ፓከር ከነዚህ ትንንሽ ሊጎች ይህን ያህል ቡድን እንዴት ተመረጠ ብሎ የኮሚቴውን ሊቀ መንበር በቀጥታ ስርጭት ወጥሮ ያዘው። የሜሰን የስፖርት ኃላፊ ቶም ኦኮነር የኮሚቴው አባል መሆኑም ለሐሜተኛ ተመቸ። እውነቱን ለመናገር ሆፍስትራ ተበድሏል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሜሰንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ቡድን ቤቱ ሲቀር ማንም ያዝናል። የሆፍስትራ መበደል ግን ሜሰን አይገባውም ነበር ማለት አይደለም። መልሱን ደግሞ ሜዳ ላይ ሰጥቷል፦ ሚሺጋን ስቴትን 75 ለ 65፣ ያምናውን ሻምፒዮን ኖርዝ ካሮላይናን 65 ለ 60። ያ ጨዋታ ሲጀመር ካሮላይና 16 ለ 2 ይመራ ነበር። ተረት የሚባል ቡድን 14 ነጥብ ተመርቶ እንደዚያ ተረጋግቶ አይመለስም።

እኔ የምለው፣ እነዚህ ልጆች እነማን እንደሆኑ ያየ ሰው አለ ወይ? አምስቱም ቋሚ ተሰላፊዎች የሜሪላንድ ልጆች ናቸው። ፎላሪን ካምቤል ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያደገው፤ እኛ እንጀራ የምንገዛበት ከተማ። ቶኒ ስኪን ታኮማ ፓርክ፣ ላማር በትለር ፎርት ዋሽንግተን፣ ጄይ ሉዊስ አበርዲን፣ ዊል ቶማስ ባልቲሞር። ትልቁ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ዘንድሮ ለዚህ ውድድር እንኳ አልበቃም፤ ደጁ ላይ ያደጉት አምስቱ ልጆች ግን ወንዙን ተሻግረው ቨርጂኒያ ገብተው፣ አሁን ከመጨረሻዎቹ ስምንት ቡድኖች አንዱ ናቸው። ይህ ዕድል ሳይሆን የአሰልጣኝ ዓይን ነው። ጂም ላራኛጋ ሌሎቹ ትንሽ አጠር ይላል፣ ትንሽ ወፍራም ነው እያሉ ያለፏቸውን ነው የሰበሰበው። ጨዋ ሰው መሆኑንም አሳይቷል፤ ስኪን በሆፍስትራው ጨዋታ ተጋጣሚውን ከወገብ በታች በቡጢ ሲመታ፣ ውድድሩ ደጅ ላይ ደርሶ ሳለ ለአንድ ጨዋታ ያገደው ራሱ ነው።

ወደ ነገው ልምጣ። ኮኔቲከት በቁመትና በችሎታ ይበልጣል፣ አልከራከርም። 30 አሸንፎ የተሸነፈው 3 ጊዜ ብቻ ነው። ሩዲ ጌይ 2 ሜትር ከ6፣ ጆሽ ቡን 2 ከ8፣ ሂልተን አርምስትሮንግ 2 ከ11። ከቅርጫቱ ሥር የተወረወረ ኳስ እንደ ዝንብ ነው የሚያባርሩት። የሜሰን ሁለቱ ረጃጅሞች ሉዊስና ቶማስ ግን ሁለቱም 2 ሜትር ከ1 ናቸው። ተንታኞቹ እዚህ ላይ ደብተራቸውን ይዘጋሉ።

እኔ አልዘጋም። ሉዊስ 125 ኪሎ ገደማ ነው፤ አይዘልም፣ ይገፋል። ጀርባውን ሰጥቶ እየገፋ ረጅሙን ሰውዬ ከቅርጫቱ ሥር ካስወጣው በኋላ ቁመት ምን ይሠራል? ለማገድ የሚዘለው ሁሉ ፋውል ይቆጠርበታል። ቶማስ ደግሞ ሩዲ ጌይን አዲስ አያየውም። ባልቲሞር አካባቢ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲገናኙ የሚያሸንፈው የቶማስ ቡድን ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ከሰው ልብ አይወጣም፤ ከሁለቱም ልብ።

ሌላው የኮኔቲከት ነገር ነው። ይህ ቡድን በዚህ ውድድር አንድ ቀን እንኳ ተመችቶት አላመሸም። የመጨረሻው፣ 16ኛው አልባኒ እንኳ በሁለተኛው አጋማሽ በ12 ነጥብ ቀድሞት ነበር። ኬንታኪን ያለፈው በ4 ነጥብ ነው። ትናንት ከዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ጋር ኳስ ሲያባክን አምሽቶ፣ ራሻድ አንደርሰን በመጨረሻዋ ቅጽበት ባገባት ሦስት ነጥብ ባይድን ኖሮ ጨዋታው እዚያው ያበቃ ነበር፤ በጭማሪ ሰዓት 98 ለ 92 አለፈ። አሰልጣኙ ጂም ካልሁን ሁለት ዋንጫ ያነሳ ሰው ነውና በአንድ ቀን ያስተካክለዋል የሚሉ አሉ። በአንድ ቀን የሚስተካከለው ታክቲክ ነው። «ስንፈልግ እናሸንፋለን» የሚል ልብ በአንድ ቀን አይስተካከልም።

ጨዋታውን ስታዩ ኳሱን ብቻ አትከተሉ። ኳስ ለኮኔቲከት ረጃጅሞች ስትደርስ ሁለተኛው የሜሰን ተከላካይ ከየት እንደሚመጣ እዩ። የላራኛጋ ልጆች ሁለት ሆነው ይከቡና ሳይታሰብ ይበተናሉ፤ ኳስ የያዘው ሰው የሚሳሳተው በዚያች መሀል ነው። ሜሰን ሲያጠቃ ደግሞ ሉዊስ ላይ ሁለት ሰው ከመጣ በትለርና ካምቤል ከሩቅ ክፍት ይሆናሉ። ካምቤል ከሚሺጋን ስቴት ጋር 8 ሞክሮ 8ቱንም አግብቷል። ኮኔቲከት አንዱን መምረጥ አለበት፤ ወይ ሉዊስን ወይ ሩቁን።

የሚያስፈራኝ ሩጫ ነው። የኮኔቲከቱ ማርከስ ዊሊያምስ ኳሷን ይዞ ሜዳውን ከከፈተው፣ ሜሰን ከተቀያሪ ወንበር የሚያስገባው ብዙ ሰው ስለሌለው ይደክማል። ስለዚህ ግምቴን ልጻፈው፤ በኋላ አልሸሽም። ውጤቱ 70 አካባቢ ካለቀ ለሜሰን ነው። ሁለቱም 80 ካለፉ ለኮኔቲከት። እኔ 71 ለ 68 ብያለሁ፣ ለሜሰን።

ነገ ደብረ ዘይት ነው፤ የዐቢይ ጾም እኩሌታ። አብዛኞቻችሁ ከቅዳሴ መልስ ሽሮአችሁን ይዛችሁ ቴሌቪዥን ፊት ትቀመጣላችሁ። እኔ ተረኛ ነኝ፤ ከትኬት መቁረጫው አጠገብ ያለች ትንሽ ሬዲዮ ትበቃኛለች። እኚያ ሰውዬ ነገም ከመጡ መኪናቸውን ከኋላ፣ ግድግዳው ጥግ ነው የማቆመው።