የመጨረሻዋን ምት ለመታ

ለጨዋታ መሪያችን ዕድሜ ይስጥልን። እያንዳንዱ አንድ ገጸ ባሕርይ ሆኖ ጀብዱ በሚጫወትበት የሚና ጨዋታ ጠረጴዛ ዙሪያ እንደሱ ፍትሕ የገባው ሰው አላየሁም። ሌላው መሪ ገጸ ባሕርይ ደረጃ የሚያድግበትን የልምድ ነጥብ ደምሮ ለተጫዋቹ ቁጥር ያካፍልና ዳይሱን ሰብስቦ ይሄዳል። ይህንማ ማንም ያደርገዋል። የኛ ሰውዬ ግን ምርመራ ይከፍታል፦ “ማን ገደለው?”

አንድ ቀን 6 ጎብሊን የሚባሉ ትንንሽ ጭራቆች ገጠሙን። በምንጫወተው በዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ አምስተኛ እትም አንዱ 50 ነጥብ ነው። ተደምሮ 300፣ ለአራት ሲካፈል 75፣ 75። መጽሐፉም እኩል አካፍሉ ይላል፤ መጽሐፍ ምን ያውቃል! ተዋጊው አምስቱን ስለጨረሰ 250ውን ጠቀለለ፣ የቀረችውን አስማተኛው በእሳት ለብልቦ 50ውን ወሰደ። ወጥመዱን ያከሸፈችው ሌባ (ቁልፍ መክፈትም የሷ ሙያ ነው) ዜሮ። ተዋጊውን ሁለት ጊዜ ከሞት አፍ የመለሰው ፈዋሽም ዜሮ። ልክ ነው እንጂ! ሰውዬው ካልሞተ አዳንኩት ማለት ወሬ አይደል?

ትምህርቱ ቶሎ ገባን። አሁን ጓደኛችን ወድቆ ሲያጣጥር እኛ የሚያጣጥረውን ጎብሊን ከበን እንሻማለን። ፈዋሹም አዋቂ ሆኗል፤ ቁስል ማሰሩን ትቶ መዶሻውን ይዞ ግንባር ላይ ነው።

ታሞ የቀረውስ? የቀረ ይቅርበት! እኛ 5ኛ ደረጃ ስንደርስ እሱ 2ኛ ላይ ነበር፣ በተመለሰ ቀን አንዲት የእሳት ኳስ (በአማካይ 28 ጉዳት ናት) ከኛ መሀል እሱን ብቻ መርጣ ይመስል አመድ አደረገችውና በአዲስ ገጸ ባሕርይ ከ1 ጀመረ። ለብርታቱ ነው።

የድሮዎቹ ያሳዝኑኛል። እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣው የዚሁ ጨዋታ ቤዚክ እትም ከዋሻ ይዘው የወጡት አንድ የወርቅ ሳንቲም አንድ ነጥብ ነበር፣ ጭራቁን ሳይነኩ ወርቁን ይዞ መሹለክ ከመግደል በላይ ያዋጣ ነበር። ሌባ በ1,200 ነጥብ 2ኛ ደረጃ ስትገባ ተዋጊ 2,000 ይጠብቃል። ብልጠት የሚከፈልበት ዘመን፣ ጉድ እኮ ነው!

ባለፈው ሳምንት አዲስ ጀብዱ ጀመርን። አራታችንም ሳንነጋገር ተዋጊ ፈጥረን መጣን። መሪያችን ደስ አለው። ከዚያ የተቆለፈ የብረት በር ገጠመን።

አሁንም በሩ ላይ ነን።