በእነሱም 8 ሰዓት፣ በእኛም 8 ሰዓት

አሜሪካ ውስጥ የሚለጠፈው የሀበሻ ኮንሰርት ፖስተር «8 ሰዓት» ይላል። ዘፋኙም መድረክ ላይ የሚወጣው 8 ሰዓት ላይ ነው። የፖስተሩ 8 የፈረንጅ ነው፣ የዘፋኙ 8 የሀበሻ፤ በመካከላቸው ስድስት ሰዓት አለ። ስለዚህ ዋሸ የሚባል ሰው የለም፣ ገንዘቤ ይመለስልኝ ብሎ የሚሟገትም የለም።

ቀልዱ ቀልድ ሆኖ የሚቀረው ግን የሕጉን ሰዓት እስክናይ ነው። (ከዚህ ወዲያ የምጠራው ሰዓትም ዓመተ ምሕረትም ሁሉ የፈረንጅ ነው፣ እንዳንጣላ።) ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ መጠጥ የሚሸጠው ዓርብና ቅዳሜ እስከ ሌሊቱ 3፣ በሌላው ቀን እስከ 2 ነው። ድልድዩን ተሻግራችሁ ቨርጂኒያ ከገባችሁ ቅዳሜም ቢሆን 2 ላይ ያበቃል። ካሊፎርኒያም እንደዚያው። እንግዲህ ቨርጂኒያ አዳራሽ ተከራይቶ ዘፋኙን 1 ሰዓት ተኩል ላይ የሚያወጣ አዘጋጅ፣ ለ30 ደቂቃ ነው ያን ሁሉ ሕዝብ የሰበሰበው። «እንደምን አመሻችሁ!» ሲባል አስተናጋጆቹ ብርጭቆ እየለቀሙ ነው።

ፈረንጆቹ ሰዓት የሚያከብሩት ጨዋ ስለሆኑ አይምሰላችሁ፤ ሒሳብ ነው። ኒውዮርክ ሰቨንዝ አቬኑ ላይ ያለውን ቪሌጅ ቫንጋርድን ውሰዱ። ጠባብ ደረጃ ወርዳችሁ የምትገቡበት ምድር ቤት ነው፣ የሚይዘው 123 ሰው ብቻ ነው። በማታ ሁለት ዙር ያሳያል፣ 8 እና 10 ሰዓት ላይ። አንዱ ወንበር በአንድ ማታ ሁለቴ ይሸጣል ማለት ነው። የመጀመሪያው ዙር ሰላሳ ደቂቃ ቢዘገይ የሁለተኛው ዙር ሰው ብርድ ላይ ይሰለፋል፣ አንዳንዱም ተበሳጭቶ ይሄዳል። ስለዚህ 8 ሲል ይጀመራል። ቤቱ የተከፈተው በ1935 ነው፤ የእኛ ሀገር ፍቅር ቴአትር ከተመሠረተበት ዓመት ጋር እኩል። ሰዓት ማክበርን የሚያስተምር ዕድሜ ቢሆን ኖሮ እኩል በተማርን።

ትልልቆቹም ያው ናቸው። ዲሲ ያለው ናይን ሰርቲ (9:30) ክለብ 1,200 ሰው ይይዛል። ስሙን አይታችሁ 9:30 ይጀምራል እንዳትሉ፤ በ1980 ሲከፈት ኤፍ ጎዳና ላይ የነበረው የቤት ቁጥሩ 930 ስለነበር ነው። በ1996 ወደ ቪ ጎዳና ሲዛወር ስሙን ይዞ ሄደ። እንዲህ ባሉ ቤቶች የሥራው ቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ታትሞ ከመድረኩ ጀርባ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፦ ዕቃ የሚራገፈው ከሰዓት በኋላ፣ ሳውንድ ቼክ (የድምፅ ሙከራ) አመሻሽ ላይ፣ በር የሚከፈተው 7፣ ቀዳሚው ባንድ 8፣ ዋናው 9 ሰዓት ከሩብ አካባቢ፣ ማብቂያው 11። ከማብቂያው ያሳለፈ ባንድ የትርፍ ሰዓት ክፍያው ከራሱ ድርሻ ሊቆረጥበት ይችላል።

ማምሸት የሚፈልግ ፈረንጅም የሚያመሽበት ቤት አለው። ቺካጎ የሚገኘው ኪንግስተን ማይንስ የሚባለው የብሉዝ ቤት ለብዙ ዓመታት እስከ ሌሊቱ 4፣ ቅዳሜ እስከ 5 ሲጫወት የኖረ ነው። ሁለት መድረክ አለው፤ አንዱ ባንድ ሲያርፍ ሌላው ይቀጥላል። ሌሊቱን ሙሉ ማስኬድ የፈለገ የማታ ፈቃዱን አውጥቶ፣ ሁለት ባንድ ቀጥሮ፣ ሙዚቃውን ከመጀመሪያው ይጀምራል። እኛ ግን ሌሊቱን የምናሳልፈው በመጠበቅ ነው።

የደም ነገር ነው የሚል ካለ ዲሲ ዩ ጎዳና ላይ የነበረውን ትዊንስ ጃዝን ያስታውስ። ባለቤቶቹ ኢትዮጵያውያን መንትያ እህትማማቾች ነበሩ፤ ከ1980ዎቹ ጀምረው ቦታ እየቀየሩ እስከ 2020 ቀጥ አድርገው ይዘውት ኖረዋል። ከወጡ ጋር ጃዝ ይቀርብ ነበር፣ በማታ ሁለት ዙር።

ታዲያ የእኛ ኮንሰርት ለምን ይዘገያል? ገመዱን ከጫፉ እንያዘው። አዘጋጁ ለዘፋኙ ግማሹን በቅድሚያ ይከፍላል፣ ቀሪውን ከበር ገቢ ነው የሚያስበው። ዘፋኙ ደግሞ ከዚህ በፊት «ነገ ጠዋት ሆቴልህ አመጣልሃለሁ» የተባለ ሰው ስለሆነ፣ ቀሪው እጁ ሳይገባ ከሆቴል አይነቃነቅም። የበር ገቢ የሚሞላው ሕዝቡ ሲመጣ ነው። ሕዝቡ ደግሞ ዘፋኙ ከ1 ሰዓት በፊት እንደማይወጣ ስለሚያውቅ እራቱን በልቶ፣ ሁለት ሌላ ቤት ጎራ ብሎ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ይመጣል። አዘጋጁ ሕዝቡን፣ ዘፋኙ አዘጋጁን፣ ሕዝቡ ዘፋኙን ይጠብቃል። ዲጄው ብቻ ነው በሰዓቱ የተገኘው፤ እሱም ያንኑ ዘፈን ሦስተኛ ጊዜ እየደገመው ነው። በ9 ሰዓት የመጣ የዋህ ካለ ከዲጄው ጋር ሆኖ ባዶ አዳራሽ ይጠብቃል።

ሁሉም እኩለ ሌሊት ላይ አንድ ላይ ሲመጣ በሩ ላይ ምን እንደሚሆን ደግሞ አስሉት። ጥበቃው የአንድ ሰው መታወቂያ አይቶ፣ ቦርሳ ፈትሾ፣ የእጅ አምባር ለማሰር ቢፈጥን 10 ሰከንድ ይፈጅበታል። 600 ሰው ቢመጣ 6,000 ሰከንድ፣ በአንድ መስመር 100 ደቂቃ መሆኑ ነው። በሁለት መስመር 50። የመጀመሪያዎቹን አምስት ዘፈኖች ውጭ ሆኖ በግድግዳ የሚሰማው ሕዝብ የሚፈጠረው እዚህ ጋ ነው። ከዚያ «እኔ ቪአይፒ ነኝ» ይጀመራል።

በሩ ላይ ቆሞ ጠቅ ጠቅ እያደረገ ሰው የሚቆጥረው ጥበቃ በዘር አድልቶባችሁ እንዳይመስላችሁ፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሰው ልክ እያስከበረ ነው። በ2003 ሮድ አይላንድ ውስጥ ዘ ስቴሽን በሚባል የሙዚቃ ቤት ባንዱ የተኮሰው ርችት ግድግዳው ላይ ድምፅ እንዲያፍን የተለጠፈውን ስፖንጅ አቀጣጠለውና 100 ሰው ሞተ። ሌላ መውጫ እያለ አብዛኛው ሰው የሮጠው ወደ ገባበት በር ነበር፤ እዚያው ተደራርቦ ቀረ። «አንድ አስር ሰው ብናስገባ ምን አለበት» ስንል ጥበቃው የሚያስበው ይህንን ነው።

ከሰዓቱ ይልቅ እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ድምፁ ነው። የአንድ መካከለኛ የሀበሻ ባንድ የመስመር ቆጠራ (ወደ ሚክሰሩ የሚገባው የድምፅ ገመድ ብዛት) እንዲህ ነው፦ ድራም 8 ማይክ፣ ቤዝ 1፣ ሁለት ኪቦርድ በስቴሪዮ 4፣ ጊታር 1፣ ሳክስ 1፣ ማሲንቆ 1፣ ክራር 1፣ ድምፃውያን 4። 21 መስመር። ፈረንጁ ባንድ ይህን ዝርዝር ከነመድረክ አቀማመጡ ቀደም ብሎ ለቤቱ የድምፅ ባለሙያ ይልካል። የእኛ አዘጋጅ ስልክ ደውሎ «ባንድ አለ፣ ሌላውን እዚያው እናየዋለን» ይላል። ባንዱ 11 ሰዓት ላይ ሲደርስ ዲጄው እየተጫወተ ስለሆነ ሳውንድ ቼክ የሚባል ነገር የለም። ቼኩ የሚደረገው ሕዝብ ፊት ነው፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዘፈኖች። ዘፋኙ ግጥሙን አቋርጦ ጣቱን ወደ ላይ እያወጣ «ሞኒተር! ሞኒተር!» ይላል፤ መድረኩ ላይ ራሱን የሚሰማበትን ድምፅ ማጉያ ማለቱ ነው። ባለሙያው ሞኒተሩን ሲጨምርለት ማይኩ ያፏጫል፣ ሕዝቡ ጆሮውን ይይዛል።

ማሲንቆውማ የባሰ ነው። ባለሙያው ማሲንቆ አይቶ አያውቅም፤ ቫዮሊን ነው ሲባል ማይኩን አርቆ ደጋኑ ፊት ይተክለዋል። የማሲንቆ ሳጥን ቆዳ የለበሰ ስለሆነ ራሱ ከበሮ ነው፤ ከሞኒተሩ የሚመጣውን ቤዝ ተቀብሎ ያስገመግማል፣ የፈረስ ጭራው ድምፅ ከሥሩ ይጠፋል። መድኃኒቱ ከባድ አይደለም። ትንሽ ቆንጣጭ ማይክ ከሳጥኑ ጠርዝ ላይ አስጠግቶ ማሰር፣ ሚክሰሩ ላይ ከ150 ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ መቁረጥ፣ ሞኒተሩን ከቆዳው ፊት ማዞር ነው። አምስት ደቂቃ ይበቃል። አምስት ደቂቃዋ ግን የምትገኘው በር ሳይከፈት ነው። እሷ ስትጠፋ ማሲንቆው ድምፁ ጠፍቶ ለፎቶ ብቻ ይቀመጣል፤ ኪቦርዱ ውስጥ ያለው የማሲንቆ ድምፅ ይተካዋል።

ሁሉ ነገራቸው ያስቀናል ግን አልልም። ናሽቪል ውስጥ ብሉበርድ ካፌ የሚባል በ1982 የተከፈተ፣ 90 ያህል ወንበር ያለው ታዋቂ ቤት አለ። የዘፈን ደራሲዎቹ ራሳቸው ክብ ሠርተው ዘፈናቸውን ይጫወታሉ፤ ያወራ ሰው «እሽሽ» ይባላል። የካዛንቺስ አዝማሪ ቤት የለመደ ሰው እዚያ ቢገባ ይታመማል። እኛ ዘንድ ዝም ያለ እንግዳ አዝማሪውን ያስቀይማል፤ ግጥም ማቀበል ግዴታው ነው፣ «ተቀበል!» ብሎ ካላቀበለ ለምን መጣ? በዚያው ከተማ ብሮድዌይ በተባለው ጎዳና ደግሞ የመግቢያ ክፍያ የለም፤ ባንዱ ከጠዋት ጀምሮ በአራት አራት ሰዓት ፈረቃ እየተተካካ ይጫወታል፣ ገቢው በአብዛኛው ከጉርሻ ነው። በዘፈን መሀል አንዱ ባልዲ ይዞ በየጠረጴዛው ይዞራል። ባልዲ! ብር ግንባር ላይ ሲለጠፍ ግን ማን እንደሸለመ፣ ስንት እንደሸለመ፣ ማን ቆጥቦ እንደተቀመጠ ቤቱ ሁሉ ያያል፤ አዝማሪውም በስሙ አንስቶ ያሞግሰዋል። ባልዲ ማንንም አያሞግስም።

የእኛ ማንጋት ከየት እንደመጣ ሳስበው በደርግ ጊዜ የነበረው ሰዓት እላፊ ይመጣብኛል። ክለብ የገባ ሰው መውጣት ስለማይችል በሩ ከውስጥ ይዘጋበትና እስኪነጋ ይጨፍር ነበር። ባንዱም ሌሊቱን ሙሉ ይጫወታል፣ የሚቸኩል የለም። ያ ትውልድ አሜሪካ ሲመጣ ማንጋቱን ይዞ መጣ። እዚህ ያለው ሰዓት እላፊ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ 2 ወይም 3 ሰዓት ሲሆን ወደ ውጭ ነው የሚያባርረው።

በጁላይ 4፣ በአሜሪካ የነጻነት ቀን ሰሞን፣ በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ውድድር ባለበት ከተማ ይህን በአንድ ሳምንት ውስጥ አምስት ሌሊት ማየት ይቻላል። የመዝጊያው ሰዓት ሊሞላ አስር ደቂቃ ሲቀረው ሕዝቡ ሦስት ዓመት የጠበቀው ዘፈን ይጀመራል። ሁለተኛው ስንኝ ላይ የአዳራሹ ነጭ መብራት ቦግ ይላል፣ ጥበቃዎቹ ክንዳቸውን ዘርግተው ወደ በሩ መግፋት ይጀምራሉ። ዘፋኙ «አንዴ፣ አንዴ ብቻ!» ይላል። ማይኩ ተዘግቷል። ጥጉ ላይ ኪቦርዲስቱ ሞኒተሩ እንዲጨመርለት ጣቱን ወደ ላይ እያሳየ ነው።