ለጦጣ ቀላቢዎች የቀረበ ውዳሴ

ባለፈው እሑድ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ባለው አሞራ ገደል መናፈሻ አንዲት ጦጣ የለስላሳ ጠርሙስ በሁለት እጇ አንቃ ስትጨልጥ፣ በዙሪያዋ የቆመውም ሕዝብ ስልኩን ወድሮ በእልልታ ሲያጅባት ተመልክቻለሁ። እናንተም ይህን ትርኢት እዚያው ወይም በሌላ መናፈሻ ሳታዩት አልቀራችሁምና ማብራራት አያሻኝም። የሚያሻኝ፣ ለውለታቸው እስከ ዛሬ አንድም ሐውልት ያልቆመላቸውን ጦጣ ቀላቢዎቻችንን በአደባባይ ማመስገን ነው።

እነርሱ ባይኖሩ ኖሮ ያ ስፍራ ምንኛ አሰልቺ በሆነ ነበር! ዓሣ አጥማጆች በማለዳ ጀልባቸውን ያስጠጋሉ፤ ወጣቶች ቆሮሶ የተባለውን ዓሣ ገፈው ጥሬውን በዳጣ ያቀርባሉ፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ራሰ በራ ትልልቅ ወፎች እንደ ዕድር ዳኛ ትከሻቸውን ሰብቀው የዓሣ አንጀት ይጠባበቃሉ፤ ጉሬዛውም ነጭ ካባውን እያወናጨፈ ከዛፍ ወደ ዛፍ ይዘላል። ፍቅር ሐይቅ ከሚባለው የሐይቅ ዳር መራመጃ ጀምሮ ልጆቹን ይዞ በውሃው ዳር ሲንሸራሸር የዋለ ሰው ይህንን ብቻ አይቶ ይመለስ? እንስሳ ለማየት ሄዶ እንስሳ ብቻ አይቶ መመለስ ለሠለጠነ ቤተሰብ የሚገባ አይደለም።

በተለይ ጉሬዛ ባለውለታዎቹን ሊዘነጋ አይገባም። ተፈጥሮ ጨጓራውን በክፍል በክፍል ከፋፍላ፣ ቅጠል የሚያብላሉ ጥቃቅን ተሕዋስያንን አስፍራበት፣ ዕድሜውን ሙሉ ቅጠል ሲያኝክ እንዲኖር ፈርዳበት ነበር። ጣፋጭ ነገር ሲገባበት ይህ ማብላያ እንደሚታወክና ሆዱ እንደሚነፋ የሚናገሩ ጨለምተኞች አሉ፤ እነርሱ የክሬም ብስኩት ጣዕም የማያውቁ ናቸው። የጉሬዛ አውራ ጣት ከጉቶ ያልዘለለ በመሆኑ ላስቲክ መቅደድ ይቸግረዋል፤ ደግነታቸው የማያልቀው ወገኖቻችን ግን ራሳቸው ቀደው፣ ብስኩቱን ለጉሬዛው፣ ላስቲኩን ለሐይቁ ያበረክታሉ። ሐይቁም የተሰጠውን አይመልስም። ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ የለም፤ ውሃው በፀሐይ ይተናል፣ ላስቲኩ ለልጅ ልጅ ይቀመጣል።

ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው ግን ጦጣ በልጁ ራስ ላይ ካልተቀመጠች ጉዞው እንዳልተሳካ የሚቆጥረውን አባወራ ነው። ይህ ሰው ከአዲስ አበባ 270 ኪሎ ሜትር ያህል የነዳው ሐይቁን ለማየት አይደለም፤ ሐይቁ ከኋላ ሆኖ ምስሉን ያደምቃል እንጂ ሌላ ጥቅም የለውም። ገና ከመኪናው እንደ ወረደ ሥራ ያከፋፍላል፦ ባለቤቱ ትቀርጻለች፣ አጎት ሙዝ ያዘጋጃሉ፣ አያት ራቅ ብለው ያማትባሉ፣ የአምስት ዓመቱ ልጅ ደግሞ ዓይኑን ጨፍኖ እንዳይንቀሳቀስ ይታዘዛል። ሙዙ በልጁ ራስ ላይ ይቀመጣል። ጦጣዋ ወርዳ እጇን ስትዘረጋ አባወራው ቀድሞ ያነሣዋል፤ ቪዲዮው አጥሯልና። ሁለተኛው ቀረጻ ይጀመራል። አሁን ፀሐይዋ አስቸገረችና ልጁም ሙዙም ጦጣዋም ዞረው እንዲቆሙ ይደረጋል፤ ጦጣዋ ከሁሉም ቀድማ ትዞራለች፣ ልምድ አላትና። በሦስተኛው ልጁ አለቀሰ፤ «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ተባለ። በአራተኛው አጎት የተሻለ ሐሳብ አመነጩ፤ ሙዙ በአባወራው ኮት ኪስ ይደበቅና ጦጣዋ ፈትሻ ታውጣው። ፈተሸች፣ አወጣች፣ ሕዝቡም በሳቅ ፈረሰ። ስለዚህ ተደገመ፤ አንዴ በቀኝ ኪስ፣ አንዴ በግራ፣ አንዴ በደረት ኪስ፣ በመጨረሻም እንዴት እንደምትናደድ ለማየት ሲባል ምንም በሌለበት ኪስ። ጥበቃው ቀርቦ እንስሳቱን መቀለብ ክልክል መሆኑን በትሕትና ቢያስረዳ ያገኘው መልስ ያው የታወቀው ነው፤ «ከፍለን ነው የገባነው!»

እዚህ ላይ ሽሙጡ ይቅርብኝ። ያቺ ጦጣ ነገ ሊያጫውታት የመጣውንና በራሱ መንገድ የሚሄደውን ሰው ለይታ አታውቅም። ዳቦ ይዞ የሚያልፍ ሕፃን ስታይ ትዘልበታለች፣ ትቧጭረዋለች፣ ትነክሰዋለች። እናት ልጇን አቅፋ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ፍለጋ ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል ትንከራተታለች። ያን ጊዜ ትናንት ሙዝ ያጎረሰው እጅ ድንጋይ ያነሣል። ድንጋይ! ራሳችን አስለምደን፣ ራሳችን አሠልጥነን፣ ያስተማርናትን በሚገባ ስለ ተማረች ራሷን እንፈነክታታለን። ግልገሏን በሆዷ ያንጠለጠለች ጦጣ በድንጋይ ተመትታ ስትንገዳገድ የሳቀ ጎረምሳ አይቻለሁ፤ ነውር ነው፣ አብረው የሳቁት ትልልቅ ሰዎች ደግሞ ከእርሱ የባሰ ነውር ሠርተዋል።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። «ርቧቸው እኮ ነው» እያሉ የፍርፍሪ ትራፊ በፌስታል የሚበትኑትን ርኅሩኅ ወይዘሮ፣ ጫት አቅምሰው «መረቀነች!» የሚሉትን ተመራማሪ ወጣቶች፣ ምግብ ሲያልቅባቸው በባዶ መዳፍ የሚጠሩትን ቆጣቢዎች ሁሉ ስማቸውን ሳልጠራ አመሰግናለሁ። ባጎረስኩ ተነከስኩ ሲባል ተረት ይመስለን ነበር፤ እነርሱ ግን በጠባሳ አስመስክረውታል።

አባወራችንም በበኩሉ ከዚህ ሁሉ በኋላ ተበዳዩ እርሱ እንደሆነ አይጠራጠርም። ልጁ ተቧጭሯል፣ ሙዙ አልቋል፣ ስልኩ ሞልቶ የቪዲዮው ግማሽ ሳይቀረጽ ቀርቷል። ስለሆነም ኮቱን እያራገፈ ወደ መግቢያው በር አመራና፣ ጦጣዎቹ ሥነ ምግባር የጎደላቸው፣ አስተዳደሩም ቸልተኛ መሆኑን በሰፊው ካስረዳ በኋላ የከፈለው የመግቢያ ገንዘብ እንዲመለስለት ጠየቀ። ጥበቃውም በዚያው ትሕትናው ትኬቱን እንዲያሳየው ለመነው። ትኬቱ የነበረው በደረት ኪሱ ነው።