ሚዛኑን ሰጥተው ድንጋዩን ላስቀሩብን

ትናንት እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ቁጭ ብዬ የጻፍኩት ኮድ ለደንበኛ የሚጠቅም አንድ መስመር እንኳ የለበትም። የምንጠቀምበትን የክፍያ ላይብረሪ (ሌሎች ጽፈው እኛ ኮዳችን ውስጥ የምናስገባውን ዝግጁ ኮድ) የሚያስመስል ፌክ ሰርቨር ነበር የጻፍኩት፤ ሲጻፍም ይህ ሦስተኛው ነው። ድካሙን እችለው ነበር፤ ይኸው ፌክ ሰርቨር በላይብረሪው ባለቤቶች እጅ ከእኔው በተሻለ ጥራት ተሠርቶ፣ በራሳቸው የቴስት (የኮድ መፈተሻ) ፎልደር ውስጥ በየቀኑ እያገለገላቸው መሆኑን ማወቄ ግን ያንገበግበኛል።

ደንበኛ በስልኩ ሲከፍል የክፍያ ድርጅቱ ወደ እኛ ሰርቨር «ተከፍሏል» የሚል መልእክት ይልካል፤ ላይብረሪው ደግሞ መልእክቱ ከአጭበርባሪ አለመምጣቱን በምስጢር ቁልፍ በተሰላ ፊርማ ያረጋግጣል። እንግዲህ የራሴን ኮድ ቴስት ላድርግ ብል ትክክለኛ ፊርማ ያለበት መልእክት ማዘጋጀት አለብኝ። ይህን የሚያዘጋጀው የላይብረሪው ፋንክሽን (የኮድ ቁራጭ) ኮድ በሚጋራበት ጊትሃብ ላይ ለሁሉም ይታያል፤ ያልተሳካውን ክፍያ፣ ሁለት ጊዜ የመጣውን መልእክት፣ የተሳሳተውን ፊርማ ሁሉ አሟልቶ ይሠራል። ላይብረሪውን ፒፕ በሚባለው የፓይተን ቋንቋ መጫኛ ስጭነው የሚደርሰኝ ፓኬጅ ግን ያንን ፎልደር አልያዘም። ሚዛኑን ሰጥተው የሚዛኑን ድንጋይ ጓዳቸው አስቀሩት ማለት ነው።

ስለዚህ ሁሉም የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ገልብጬ ወሰድኩ። ከፋይሉ አናት ላይም «ከዋናው የተቀዳ፣ እንዳትነኩት» ብዬ ጻፍኩበት። በተገለበጠው ኮድ ውስጥ የክፍያው ሁኔታ ተራ ጽሑፍ ሆኖ ይመለስ ነበር፤ ላይብረሪው በአዲሱ ቨርዥን ወደ ኢነም (ከተወሰኑ ስሞች አንዱን ብቻ ወደሚይዝ የእሴት ዓይነት) ሲቀይረው የእኔ ፌክ ግን የድሮውን መመለሱን ቀጠለ። ቴስቶቹ በሙሉ አረንጓዴ ሆነው አለፉ፤ እኛም አዲሱን ቨርዥን ይዘን ዓርብ ማታ ለደንበኞች ለቀቅነው (ዓርብ ማታ መልቀቃችን ራሱን የቻለ ሌላ ብሶት ነው)። ጽሑፍ ከኢነም ጋር ሲነጻጸር ፓይተን ስሕተት ነው ብሎ አይጮህም፤ ዝም ብሎ «እኩል አይደሉም» ይላል። ቅዳሜ ጠዋት ስልክ ሳነሳ አንዲት እናት «ልጄ፣ ብሬ ሁለት ጊዜ ተቆርጧል፣ እናንተ ግን ገና አልከፈልሽም ትሉኛላችሁ» አሉኝ። የለውጡን ማስታወሻ አለማንበቤ ጥፋቴ ነው፤ ነገር ግን ፌኩ ከላይብረሪው ጋር አብሮ ቢመጣ ኖሮ አብሮ ይለወጥ፣ ቴስቴም ዓርብ ከሰዓት በኋላ ይወድቅልኝ ነበር።

የላይብረሪውን ባለቤቶች ይህን የቴስት ረዳት ኮድ እንዲያወጡልን በትሕትና ብጠይቅ «እሱ የውስጥ ጉዳያችን ነው፣ ካወጣነው እንደ ልባችን መቀየር አንችልም» የሚል መልስ ሰጡኝ። ስጋታቸው ይገባኛል፤ ለሰው የተሰጠ ነገር ሁሉ የጥገና ዕዳ አለበት። ሆኖም እኛ ገልብጠን ከወሰድነው ውሎ አድሯል፤ ዕዳው በየቤታችን ተከፋፍሎ ተቀመጠ እንጂ አልቀረም። ለብቻው ፓኬጅ አድርገው «ይህ ሊለወጥ ይችላል» ብለው ቢጽፉበት ማን ይከሳቸዋል?

ደግሞም አዲስ ነገር አልጠየቅኩም። በጎላንግ የፕሮግራም ቋንቋ (አጠር አድርጎ «በጎ ቋንቋ» የሚለው ሰው ማሞገሱ ይሁን ስሙን መጥራቱ አይለይም) ስማቸው በ«ቴስት» የሚያልቅ ፋይሎች ከሌላ ፓኬጅ ኢምፖርት አይደረጉም። የቋንቋው ሠሪዎች ይህን ስለሚያውቁ ፌክ ሰርቨር የሚያቆምልህን ኤችቲቲፒቴስት የተባለ ረዳት እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ከመጀመሪያው ቨርዥን አንስቶ ራሱን የቻለ ፓኬጅ አድርገው ሰጥተዋል። በ2021 በወጣው የቋንቋው 1.16 ቨርዥን ላይ የጨመሩት ኤፍኤስቴስት ደግሞ ከዚህም ያልፋል፤ የራስህን የፋይል ሥርዓት ጽፈህ ስትሰጠው፣ ሥርዓቱ የሚጠበቅበትን በትክክል መፈጸሙን እሱው መርምሮ ይነግርሃል። እኔ ድንጋዩን ብቻ ስለምን እነዚያ መዛኙንም ጨምረው ልከዋል። ጃንጎ የተባለው የፓይተን የድረ ገጽ መሥሪያ ቴስት ሲደረግ ኢሜይሉን ለማንም ሳይልክ በሜሞሪ ሳጥን ያስቀምጥልሃል፣ ከፍተህ ታያለህ። በረስት ቋንቋ የተጻፈው ቶኪዮ የተባለ ላይብረሪም «ቴስት-ዩቲል» የሚባለውን ፊቸር ስታበራለት ሰዓቱን ያቆምልሃል፤ የአንድ ሰዓት ጥበቃ የሚጠይቀው ቴስት በቅጽበት ያልቃል።

ፎልደሩን ወደ ፓኬጁ የሚያዛውር ለውጥ ራሴ አዘጋጅቼ ከላክሁላቸው ሁለት ወር ሊሞላ ነው፤ እስካሁን «አየነው» ያለኝ የለም። በዚህ መሐል ሌላ ቨርዥን ወጥቶ ፊርማው ውስጥ የሰዓት ማኅተም ተጨምሯል፤ የትናንቱ ሌሊትም ያለቀው ይህንኑ ማኅተም በገዛ ፌኬ ውስጥ ሳስገባ ነው። አናቱ ላይ ያለውን «ከዋናው የተቀዳ» የሚለውን ጽሑፍ አጥፍቼዋለሁ፤ ከዋናው ጋር የሚያመሳስለው ነገር አልቀረውም።